ሮታሪ ሞርሳው ሲዞር ክሩ ለምን ይፈታል? ፍላይ ማሰር ለጀመረችው እህታችን

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው፦ ኦሮራ ኮሎራዶ ነው ያለሁት፣ ጡረታ የወጣ የስራ ባልደረባዬ ሮታሪ ሞርሳውን (መንጠቆ ነክሶ የሚዞረውን መያዣ) ከነኮተቱ ሰጠኝ፣ ዩቱብ እያየሁ ፍላይ (መንጠቆ ላይ ከላባና ከክር የሚታሰረውን የአሳ ማጥመጃ) ለማሰር ብሞክር ሞርሳውን ወደ አንዱ ሳዞረው ክሩ ይጠመጠማል ወደ ሌላው ሳዞረው ይፈታል፣ የመንጠቆው ዐይንም ይዋልላል፣ ሸጬው የማይዞረውን ተራውን ልግዛ ወይ፣ ከየትኛው ፍላይስ ልጀምር ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ዴንቨር አካባቢ ፍላይ አስሬ የምሸጥ፣ ዊንተር ላይ ደሞ ጀማሪ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ይሄ ጥያቄ በየክላሱ የሚመጣ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ነገር እንዳትሽጪው። መዞሩን የሚያቆመውን ብሎን ጠበቅ ካደረግሽው ተራ ሞርሳ ሆነ ማለት ነው፣ ምን ብለሽ ሌላ ትገዢያለሽ? ችግሩ እቃው ላይ አይደለም። ዩቱብ ላይ ያሉት ሰዎች ሽር ሲያደርጉት ስለሚያምር ጀማሪ ሁሉ ሮታሪ ከያዘ ሁሉን ነገር በማዞር መስራት ያለበት ይመስለዋል፣ እኔ ግን ተማሪዎቼን የምላቸው ሞርሳው የሚዞረው መጀመሪያ ለማየት ነው፣ መጠምጠሙ ሁለተኛ ነው። ለምን መሰለሽ፣ ክር ስትጠመጥሚ በላይ አልፎ ወደ ማዶ ነው የሚሄደው፣ ስታጠብቂው ደሞ ያስቀመጥሽውን ላባ ይዞት ወደ ማዶ ይነዳል። በአንቺ በኩል ስታይው ቆንጆ ነው፣ ግማሽ ዙር አዙረሽ ብታይው ግን ጭራው በጎን ተንጋዶ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ፍላይ ውሃ ውስጥ ሲጎተት ይሽከረከራል፣ የማጥመጃ ክርሽንም ያጠላልፍብሻል። መላው ቀላል ነው፣ ላባውን ስታስቀምጪ ትንሽ ወደ ራስሽ ጎን አድርገሽ ያዢው፣ ክሩ ራሱ ጎትቶ አናቱ ላይ ያደርስልሻል፣ ከዛ አዙረሽ አረጋግጪ። ተራ ሞርሳ ያለው ሰው ይሄን ለማየት አንገቱን ማስገግ ወይ መንጠቆውን ፈቶ መገልበጥ አለበት፣ አንቺ በአንድ ጣት ገፋ ነው የምታደርጊው።

አሁን ወደ መዋለሉ እንምጣ። "ይዞራል" ተብሎ የሚሸጥ ሞርሳ ሁሉ አንድ አይነት አይደለም። አንዳንዱ መንጋጋው እንደተንጋደደ ነው የሚዞረው፣ መንጠቆው አየር ላይ ክብ እየሰራ ማለት ነው፣ እሱ ለማየት ይሆናል ለመጠምጠም ግን አይረባም። ትሩ ሮታሪ የሚሉት ላይ ግን የመንጠቆው ቀጥ ያለው ክፍል፣ ግንዱ እንበለው፣ ልክ ሞርሳው በሚዞርበት መስመር ላይ ይቀመጣል፣ ስለዚ ስታዞሪው ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ቦታውን አይለቅም። ሬንዜቲ፣ ፒክ፣ ዳይና ኪንግ ባራኩዳ፣ ግሪፈን ሞንጉስ የዚህ አይነት ናቸው፣ ፒክ እንደውም እዚሁ ኮሎራዶ ነው የሚሰራው። ኖርቫይስ ደሞ ለብቻው ነው፣ ኖርም ኖርላንደር የሚባል ሰው የፈጠረው፣ አንዴ በእጅሽ ብትመቺው ለብቻው ብዙ ዙር ይሾራል፣ ግን ለጀማሪ አልመክርም። ያንቺን ማርክ አልነገርሽንም፣ መንጋጋው ከዘንጉ ዝቅ ካለ ክንድ ላይ ተነስቶ ወደ ላይ ቀና የሚል ከሆነ ትሩ ሮታሪ ነው፣ ተደሰቺ።

ትሩ ሮታሪ ሆኖም ግን መንጠቆውን የምታስገቢበት ቦታ ይወስናል። ትልቅ መንጠቆ ከጎባጣው፣ ማለት ከተቆለመመው ክፍል፣ ታች እስከ ግንዱ ያለው ርቀት ሰፊ ነው፣ የትንሹ ጠባብ ነው፣ ስለዚ ቁጥር በቀየርሽ ቁጥር ከፍ ዝቅ አድርገሽ ማስተካከል ያስፈልጋል፣ አንዳንዱ ሞርሳ ለዚሁ የሚሆን ብሎን አለው። ከኋላው ነጭ ወረቀት አቁሚና ቀስ እያልሽ አዙሪ፣ ዐይኑን ብቻ እዪ። ባለበት ከቆመ አለቀ፣ ክብ ከሰራ ፈትተሽ እንደገና አስገቢው። ለአመል ያህል የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ተዪው፣ ፍላዩ ላይ አይታወቅም። መንጋጋው የሚይዘው የጎባጣውን ታችኛ ክፍል ነው፣ ሹሉን ጫፍ ውጦት እንዳታስገቢው። አያያዙ ደሞ፣ መጀመሪያ የፊቱን ብሎን በመንጠቆው ውፍረት ልክ አስተካክዪ ከዛ ሊቨሩን ጫኚው፣ ሊቨሩ ጉልበት ከጠየቀሽ ብሎኑ ከልክ በላይ ጠብቋል ማለት ነው፣ መንጋጋ የሚሰነጠቀው እንደዛ ነው በተለይ ርካሾቹ ላይ። ከያዘ በኋላ ዐይኑን በአውራ ጣትሽ ወደታች ጫን አድርገሽ ልቀቂው፣ መንጠቆው ራሱ እጥፍ ብሎ መመለስ አለበት፣ መንጋጋው ውስጥ ከተንሸራተተ ልል ነው።

ክሩ የሚፈታበት ምክንያት ቀላል ነው። ቦቢኑ፣ የክሩ መያዣ ማለት ነው፣ ወደታች ተንጠልጥሎ እያለ ሞርሳውን ስታዞሪ ክሩ ከመንጠቆው ጋር አብሮ መዞር አይችልም፣ ቦቢኑ ታች ይዞታል፣ ስለዚ ወይ ይጠመጠማል ወይ ይፈታል ሌላ ምርጫ የለውም። ለዚህ ነው የቦቢን ክሬድል የሚባለው ነገር ያለው፣ ባልደረባሽ ከሰጠሽ ኮተት ውስጥ ፈልጊው፣ ጫፉ ባላ የሆነ ቀጭን ዘንግ ነው፣ ከሞርሳው ቋሚ ላይ ይታሰርና ከመንጠቆው ዐይን ማዶ በቀኝ በኩል ይቆማል። ክሩን ወደ ፊት አምጥተሽ ከዐይኑ ኋላ አንድ ሁለት ሃፍ ሂች ትቋጥሪና ቦቢኑን ባላው ላይ ታሳርፊዋለሽ። አሁን ክሩ የሚወጣው ሞርሳው በሚዞርበት መስመር ላይ ስለሆነ ስታዞሪው አይጠመጠምም አይፈታም፣ ባለበት ይከራል በቃ። ሃፍ ሂቹን እንዳትዘዪው፣ ባላው ላይ ክሩ ትንሽ ከላላ እስካሁን ያሰርሽው ሁሉ አብሮ ይላላል። ክሬድሉ ከጠፋ ደሞ ከሃርድዌር ሱቅ ወፈር ያለ ሽቦ ገዝተሽ በፒንሳ አጥፈሽ መስራት ይቻላል፣ ለሱ ብለሽ ብር አታውጪ።

ይከራል ያልኩት ነገር ደሞ አለ። ሞርሳው በዞረ ቁጥር ክሩ አንድ ጊዜ ይከራል፣ ስራሽን ጨርሰሽ ቦቢኑን ስታወርጂው ተንጠልጥሎ እንደ እንዝርት ሲሾር ታያለሽ፣ ተዪው ይሹር፣ ክሩን እየፈታልሽ ነው። የከረረ ክር ክብ ይሆንና ጉብታ ይሰራል፣ ያልከረረው ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፣ በተለይ መጨረሻ ላይ ጭንቅላቱን ስትሰሪ ጠፍጣፋውን ነው የምትፈልጊው። ቀኝ እጅ ከሆንሽ ቦቢኑን ከላይ ሆነሽ እያየሽ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ብታሾሪው ይፈታል።

ወደየት ነው የሚዞረው? ይሄ ብዙ ሰው የሚምታታበት ነው። ቀኝ እጅ ከሆንሽ የመንጠቆው ዐይን በቀኝሽ ነው፣ ክሩ በላይ ወደ ማዶ ይሄድና በታች ወደ አንቺ ይመለሳል። ቺኒሉን (ገላውን የሚሰራው ፀጉራም ወፍራም ክር) ወይ ላባውን በአንቺ በኩል ይዘሽ ሞርሳውን ስታዞሪ ያንኑ አቅጣጫ ለማግኘት የመንጠቆው ጀርባ ወደ አንቺ መምጣት አለበት። ወደ አንቺ! ክሩ ወደ ማዶ ስለሚሄድ ሰዉ ሞርሳውንም ወደ ማዶ ያዞረዋል፣ ያኔ ቺኒሉ ከክሩ በተቃራኒ ይጠመጠምና በክር ልታጠብቂው ስትሞክሪ ጭራሽ ይላላል። አንዳንዴ ሆን ተብሎ በተቃራኒ ይደረጋል፣ እሱን ወደታች እመጣበታለሁ፣ ብቻ ሳታውቂው አይሁን።

ይሄን ሁሉ ካልኩሽ በኋላ ግን ለመጀመሪያው ሰሞን ቆልፊው ነው የምልሽ፣ ለማየት ብቻ አዙሪው፣ የቀረውን በእጅሽ ጠምጥሚ። ፍላይ ማሰር ማለት ክር መቆጣጠር ነው ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ ይመጣል። ባዶ መንጠቆ ላይ ክር አስጀምሪና ሆን ብለሽ እየጎተትሽ በጥሺው፣ ደግመሽ በጥሺው፣ የሚበጠስበትን ጉልበት እጅሽ ሲለምደው ከሱ ትንሽ መለስ ያለው ነው የስራ ጉልበትሽ። ጀማሪ ሁሉ ክር እንዳይበጠስ ፈርቶ ልል አድርጎ ያስራል፣ ፍላዩም በሁለተኛው አሳ ይበታተናል። ለመጀመሪያ ዩኒ 6/0 ወይ ዩቲሲ 140 ክር ያዢ፣ ቀጫጭኖቹ ይቆዩሽ።

ከየትኛው ልጀምር ላልሽው መልሴ ዉሊ በገር ነው፣ እዚህ ላይ አልደራደርም። ረሰል ብሌሲንግ የሚባል የፔንስልቬንያ ሰው በ1960ዎቹ የፈጠረው ነው፣ ትራውቱም ባሱም ብሉጊሉም ይበላዋል፣ ኦሮራ ሪዘርቯር ዳር ቆመሽ ብትወረውሪውም ይሰራልሻል፣ መሃል ዴንቨርን አቋርጦ የሚያልፈው ሳውዝ ፕላት ላይ ያለው ትልልቅ ካርፕ እንኳ አንዳንዴ ይይዘዋል። ትልቅ ስለሆነ ምን እየሰራሽ እንደሆነ ይታይሻል፣ ደሞ ቺኒል ላባ ሽቦ ሦስቱም የሚጠመጠሙ ናቸው ስለዚ ሮታሪ ለመልመድ ከዚህ የተሻለ የለም።

መንጠቆ 8 ወይ 10 ቁጥር 3 ኤክስ ሎንግ (ግንዱ ረዘም ያለው)፣ ባርቡን፣ ሹሉ ጫፍ አጠገብ ያለችውን ትንሽ እሾህ ማለት ነው፣ በፒንሳ ደፍጥጪው። ክሩን ከዐይኑ ትንሽ ኋላ ጀምረሽ ጎን ለጎን እያስተኛሽ እስከ ጎባጣው ውረጂ። ጭራው ማራቡ ነው፣ ድሮ ከአባ ኮዳ ነበር የሚነቀለው፣ ያ ሐዋሳ አሞራ ገደል አሳ የሚያጸዱት ልጆች ስር ቆሞ አንጀት የሚጠብቀው ትልቅ ወፍ፣ አሁን ሱቅ ያለው ግን ቀለም የተነከረ የተርኪ ላባ ነው። ጣትሽን አርጥበሽ ሰብሰብ አድርጊው አለዚያ አፍንጫሽ ውስጥ ነው የሚገባው። ርዝመቱ የግንዱን ያህል ይሁን። የተረፈውን እዛው ጎባጣው ላይ እንዳትቆርጪው፣ በግንዱ ላይ ወደ ፊት አስተኝተሽ እሰሪው፣ ካልሆነ አንድ ቦታ ጉብታ ይፈጠርና ቺኒሉ እዛ ሲደርስ ይዘላል። አሁን ግማሽ ዙር፣ እዪ፣ ጭራው አናቱ ላይ ከሆነ ቀጥዪ፣ ካልሆነ ሁለት ዙር ክር ፈትተሽ አስተካክዪው አሁን ካልተስተካከለ በኋላ አይስተካከልም።

ከዛ ቀጭን የመዳብ ሽቦ እሰሪ፣ ከዛ ቺኒሉን። የቺኒሉን ጫፍ በጥፍርሽ ፋቅ ፋቅ ስታደርጊው ፀጉሩ ይራገፍና ውስጡ ያለው ክር ብቻ ይቀራል፣ የሚታሰረው እሱ ነው። ክሩን ወደ ፊት፣ ሃፍ ሂች፣ ባላው ላይ። ቀኝ እጅሽ ቺኒሉን በአንቺ በኩል ወጠር አድርጎ ይያዝ፣ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ወደ ዐይኑ አዘንብሎ፣ ግራ እጅሽ ቀስ እያለ ያዙር። ቀኝ እጅሽ ቺኒሉን ወደ ፊት ለመግፋት አይሞክር፣ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን እየተደገፈ መንገዱን ራሱ ይይዛል አንቺ ውጥረቱን ብቻ ጠብቂ። ክፍተት ካየሽ ወደ ኋላ አዙሪው ይፈታል፣ ደግመሽ ወደ ፊት፣ በእጅ ስትጠመጥሚ ከእጅ ወደ እጅ እየቀያየርሽ ስለምትይዢው ውጥረቱ እዛ ላይ ነው የሚጠፋው፣ በሮታሪ ግን ቺኒሉን የያዘው እጅ አይለቅም። እውነተኛው ጥቅሙ ይሄ ነው። ከዐይኑ ኋላ የዐይኑን ሁለት እጥፍ የሚሆን ባዶ ቦታ ሲቀርሽ አቁሚ። ይቺን ቦታ ያልበላ ጀማሪ አላየሁም፣ ቺኒሉ እዛ ድረስ ከመጣ ላባውና ጭንቅላቱ ቦታ ያጡና ዐይኑ ይደፈናል፣ ወንዝ ዳር ብርድ ላይ ቆመሽ ክር ልታስገቢ ስትታገዪ ያኔ ትረግሚኛለሽ።

አሁን የአውራ ዶሮውን ላባ ከፊት በወፍራሙ ጫፍ እሰሪና በመቆንጠጫ ይዘሽ ሰፋ ሰፋ ባለ ዙር ወደ ኋላ ውሰጂው፣ አምስት ስድስት ዙር ይበቃል። ኋላ ሲደርስ ሽቦውን አንዴ ላዩ ላይ አዙረሽ ያዢው፣ ከዛ ሽቦውን በላባው መሃል እያሳለፍሽ ወደ ፊት አምጪው። እዚህ ጋ ነው ቅድም ያቆየሁት ነገር የሚመጣው። ሽቦ ሁሌ በተቃራኒ ነው የሚጠመጠመው ሲሉ ትሰሚያለሽ፣ ሁሌ አይደለም። ላባው ከፊት ወደ ኋላ ከሄደ ሽቦው ደሞ ከኋላ ወደ ፊት ስለሚመጣ በአንድ አይነት የሞርሳ አዟዟር ራሳቸው ይሻገራሉ፣ ሽቦው የላባውን አከርካሪ በየዙሩ አቋርጦ ይቆልፈዋል። በተቃራኒ ካዞርሽው ግን ሽቦውና ላባው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ምንም አልቆለፍሽም። ተቃራኒ የሚያስፈልገው ላባውንም ሽቦውንም ከኋላ አስረሽ ሁለቱንም ወደ ፊት ስታመጪ ነው። በወረቀት ጥቅልል ላይ በሁለት ክር ሞክሪው ወዲያው ይገባሻል። የተረፈውን ሽቦ በመቀስሽ እንዳትቆርጪ መቀሱን ይገድለዋል፣ ወዲያ ወዲህ ስታወዛውዢው ራሱ ይሰበራል። በዊፕ ፊኒሽ (የመዝጊያው ቋጠሮ) ጨርሺ፣ ሴመንት (የፍላይ ማጣበቂያ) ጠብ አድርጊ፣ ሴመንት ከሌለሽ ቀለም የሌለው ኩቴክስም ይሰራል።

ይሄንኑ በአንድ ቀለም በአንድ ቁጥር ደርዘን እስኪሞላ ስሪ፣ በየቀኑ አዲስ ፍላይ እየቀያየርሽ አትሞክሪ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ምን እንደተለወጠ ታዪዋለሽ።

አንድ የኛ ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ፣ የበዓል ዶሮ ላባ ይሆናል ወይ? ለዉሊ በገር እንዴት አይሆንም፣ የአውራ ዶሮ የአንገትና የጀርባ ላባ ምርጥ ነው፣ በሳሙና እጠቢው፣ በደንብ አድርቂው፣ ዚፕሎክ ውስጥ አድርገሽ ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ፣ ካልሆነ ብል ይዞ ይመጣና የገዛሽውንም ሁሉ ይበላዋል። ውሃ ላይ ለሚንሳፈፈው ለድራይ ፍላይ ግን አይሆንም፣ እሱ ረጅም ቀጭን ሆኖ ፀጉሩ አጭርና ጠንካራ የሆነ ላባ ይፈልጋል፣ እንዲህ አይነት ላባ እንዲያወጡ ለብዙ ትውልድ ተመርጠው የተዳቀሉ አውራ ዶሮዎች አሉ፣ ዴልታ ኮሎራዶ ያለው ዋይቲንግ ፋርምስ ለላባ ብሎ ነው ዶሮ የሚያረባው። ዋጋውን ስታዪ ትደነግጫለሽ። በነገራችን ላይ ፍላይ ማሰር ገንዘብ ያስቀራል የሚልሽን እንዳታምኚ፣ ሱቅ የሚሸጠው ፍላይ አብዛኛው ኬንያ፣ ስሪላንካ፣ ታይላንድ ውስጥ አንድ በአንድ በሰው እጅ የታሰረ ነው፣ ማሽን የለውም፣ ከነሱ አርክሰሽ ልታስሪ አትችዪም። የምናስረው ስለምንወደው ነው በቃ።

ቀጥሎ ወዴት ካልሽ፣ እዚህ አገር ዊንተር ላይ ትራውት የሚበላው ጢንጥዬ ነገር ስለሆነ ወደ ትንንሾቹ ውረጂ። ዜብራ ሚጅ የሚባለው ፍላይ ክር፣ ሽቦና አንዲት ዶቃ ብቻ ነው። ከዛ አርኤስ2፣ ሪም ቻንግ የሚባል ከኮሪያ መጥቶ ዴንቨር የኖረ ሰው ለሳውዝ ፕላት ብሎ የፈጠረው፣ ስደተኛ መጥቶ የአገሬው አጥማጅ ሁሉ ሳጥን ውስጥ የገባ ፍላይ ስለሆነ እኔ በግሌ ሳስረው ደስ ይለኛል። እዚያው ሳውዝ ፕላት ላይ ያለው ቺዝማን ካንየን ከወረድሽ ሰው ሰራሽ ማጥመጃ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ያጠመድሽውንም ትራውት ሁሉ መልሰሽ ትለቂያለሽ፣ ስለዚ ባርቡን መደፍጠጥ ከአሁኑ ልመጂ። አገር ቤት ስትሄጂም ሳጥንሽን ያዢ፣ ባሌ እነ ዌብና ዳንካ ወንዝ ላይ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት አለ። ትንንሾቹ ላይ ግን ልብ በይ፣ 22 ቁጥር መንጠቆ ላይ በማዞር የሚጠመጠም ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ሦስት አራት ዙር ሽቦ በእጅ ይፈጥናል። ሞርሳውን እዛ ላይ የምታዞሪው ማዶውን ለማየት ብቻ ነው።

የመዞሪያውን ብሎን በተመለከተ፣ ክር ጠበቅ አድርገሽ ስትጎትቺ ሞርሳው መዞር የለበትም፣ በጣት ስትገፊው ግን መሄድ አለበት፣ እዛ መሃል ላይ አቁሚው። የመጀመሪያዎቹን ስትጨርሺ ፎቶ ላኪ፣ ግን ከሁለቱም ጎን አንሺው፣ በተለይ ስታስሪ ከማይታይሽ በኩል፣ እሱን ሳላይ ምንም ልልሽ አልችልም።